ስሙን የማይጠሩት ሁለት ሴቶች

ሰኞ

አሁንም አልጸደቀም። ዝርዝሩን ለአራተኛ ጊዜ ታይፕ አድርጌ አስገባሁ፤ ለአራተኛ ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ ተቦጫጭሮ ተመለሰልኝ። እሑድ በኳስ ሜዳው ላይ በምስራቅ ግንባር የተዋጉት የአውራጃችን ልጆች ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ የወደቁት ቤተሰቦች የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። ስድስት ቀን ነው የቀረን። የበዓሉ ኮሚቴ ግን እስከ ዛሬ በሙሉ ድምፅ የተስማማው በሻይና ዳቦው ላይ ብቻ ነው።

የዛሬዎቹ ተሰራዦች ሴቶቹ ናቸው። አሥራ ስምንት ናቸው። አሥራ ስድስቱ ከሆሳዕና እስከ አዲሎ ያለውን ሴት ሁሉ አስተባብረው ለዘማቹ በሶ ሲያስፈጩ፣ ዳቦ ቆሎ ሲያስጋግሩ የከረሙ። ሁለቱ ቁስለኛ ሊያክሙ ግንባር ድረስ የሄዱ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ በላቸው ሁሉንም በአንድ መስመር ሰረዘና ጎኑ ላይ «ሌሎችም» ብሎ ጻፈ። እነዚህ ሴቶች ስም አላቸው እኮ ስለው «የሴቶች ቀን ሲመጣ እናስባቸዋለን፣ ጓድ አስቴር» አለኝ። አንጀቴ አረረ። ጓድ በላቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ክፉ አለቃ እንኳ አንዳንድ ቀን ደስ ሲለው እሺ ይላል። ፈሪ ግን ምንም ቀን እሺ አይልም።

ከሰዓት በኋላ ከፎንቆ አንዲት ሴት መጣች። አበበች ትባላለች፣ የሠላሳ ዓመት ብትሆን ነው። ባሏ ዴታሞ በጥሪው ጊዜ ዘምቶ አልተመለሰም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «ማሰልጠኛው አልደረሰም፣ መንገድ ላይ ኮብልሏል» ብሎ ካስመዘገበው ሦስት ዓመት ሆነው። የዘማች ማሳ ማኅበሩ ያርስለታል፤ የእሷ አይታረስም። የማኅበሩ ሱቅ ስትሄድ ጨው የለም ትባላለች፣ ከኋላዋ ላለችው ሴት ግን አለ። ምንጭ ስትወርድ «የኮብላዩ ሚስት» ይሏታል። «አልኮበለለም። መኪና ላይ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ» ትላለች ደጋግማ።

መቼ ነው የሄደው አልኳት። «ከረቡዕ ቀጥሎ ባለው ቀን።» ሐሙስ ነው? ስላት ራሷን ነቀነቀች። ደክሞኝ ነበር መሰለኝ፣ ሐሙስ ማለት ያቅትሻል እንዴ ብዬ ተቆጣኋት። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት ሙሉ መዝገብ ቤት አቧራ ስቅም ዋልኩ። ሁለት ዝርዝር አለ። አንደኛው ዘማቾቹ ከሄዱ በኋላ ማሳቸው እንዲታረስላቸው ቤተሰቦቻቸው ያስመዘገቡበት ነው። ሁለተኛው ከግንባር የመጣ ነው፤ ማን ሰለጠነ፣ ማን ቆሰለ፣ ማን ወደቀ ይላል። እሑድ የሚጠራው ስሙ በሁለቱም ላይ የተገኘ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ላይ አገኘሁት። «ዴታሞ ዳናሞ፣ ፎንቆ።» የእጅ ጽሑፉ የእኔው ነው። ያን ጊዜ ፎንቆ ሄጄ የመዘገብኩት እኔ ነበርኩ። ከግንባር በመጣው ላይ ግን ዴታሞ ዳናሞ የሚባል ሰው የለም። ሦስት ጊዜ ፈለግኩ። የለም።

«አላልኩሽም?» አለ ጓድ በላቸው። ደስ ብሎት አይደለም። ሥራ ስለቀነሰለት ነው።

በዚያኛው ዝርዝር መጨረሻ ደግሞ «ቤተሰባቸው ያልታወቀ» የሚል ርዕስ ሥር የወደቁ ሰዎች አሉ። እነሱም አይጠሩም። ለምን ብል «ወረቀቱን ለማን ልንሰጥ ነው፣ ለአየር?» አለኝ።

አበበች መናኸሪያው አጠገብ ዘመድ ቤት አድራለች። ሄጄ የለም አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፣ አላለቀሰችም። «ከሞተ ይሙት። ሰው ይሞታል። ኮበለለ ግን አይባልም» አለች። የዴታሞ እናት ከቤት ከወጣች ዓመት ሊሆናት ነው አለችኝ፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አትሄድም፣ ሰው ፊት ላለመቆም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እሱ እንኳ ኮበለለ ቢባል እነዚህ ሁለት ሴቶች ምን አደረጉ?

አበበችን ነገ ደግሜ አያለሁ ብያታለሁ። ምኑን እንደማይ እኔም አላውቅም።

ረቡዕ

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ምሳ ላይ ለእማዬ እያማረርኩ የፎንቆዋ ሴት ሐሙስ ማለት አቅቷት ከረቡዕ ቀጥሎ እንዳለችኝ ነገርኳት። እማዬ ቆጮውን እየቆረሰች ሳቀች። «የባሏ አባት ስም በሀ የሚጀምር ነዋ» አለች። ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፣ እንደ ስሙ የሚጀምረውንም ቃል ትሸሻለች። ይህን አላውቅም ማለት አልችልም። እማዬ ራሷ የአባቴን አባት ስም አንድም ቀን ስትጠራ ሰምቻት አላውቅም። እኔ ግን ከተማ ያደግኩ፣ አስኳላ የገባሁ፣ ባል ያላገባሁ፤ የአሮጊቶች ነገር ነው ብዬ ትቼው ነበር።

መንግሥት የባልሽ አባት ማን ይባላል ብሎ ሲጠይቃትስ ምን ትላለች? አልኳት። «ለመንግሥት ተብሎ የአማት ስም ይጠራል እንዴ! ቤት ውስጥ የምትጠራበትን ትናገራለች። ዳናሞ ትል ይሆናል፤ ደጉ ማለት ነው። የዚህ አገር አማት ግማሹ ዳናሞ ነው።»

ቆጮዬን ትቼ ሮጥኩ።

«ቤተሰባቸው ያልታወቀ» ከሚለው ሥር፣ ከላይ አምስተኛው፦ ዴታሞ ሀንዲሶ፣ ፎንቆ አካባቢ፣ ወድቋል። ሁለት ወረቀት ላይ ያለ አንድ ሰው። በእኛ ወረቀት ኮብላይ፣ በእነሱ ወረቀት ጀግና።

የመዘገብኩበት ቀን ትዝ ይለኛል። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሴቶቹ ተሰልፈው ነበር፣ ወደ ሆሳዕና የምትመለሰው መኪና ጡሩንባ እየነፋች ታጣድፈኛለች። የባል ስም? የባል አባት ስም? ቀጥሎ! አንገቴን ቀና አድርጌ ያየኋት ሴት የለችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ አፍስሼ ሄድኩ፣ ሦስት ዓመት ስትለቅም የኖረችው አበበች ናት።

ደግሞም ሞቷል። ይህን የማውቀው በመላው አውራጃ እኔ ብቻ ነኝ። ወደ ቤት ስመለስ በዘመዷ በር አለፍኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። አላየችኝም። አልገባሁም።

ሐሙስ

ጓድ በላቸው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ብዙ አየ። ከዚያ ከመሳቢያው ቅጽ አወጣ። የስም ማስተካከያ የሚፈቀደው ሚስት ወይም እናት ወይም አባት ከኮሚቴው ፊት ቀርበው የሟቹን ሙሉ ስም ከነአባቱ በአንደበታቸው ሲናገሩ ነው ይላል። አባትየው ከሞተ ቆይቷል። አጎቱ አለ አልኩ። «ቅጹ ላይ አጎት የለም።» ጎረቤት? «የለም።» የእናትየው ዘመን ሴት ደግሞ የባሏንም ስም አትጠራም። እንግዲህ ከመላው ፎንቆ የአባትየውን ስም መጥራት የማይችሉ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ እናቱና ሚስቱ ናቸው፣ ቅጹ የሚፈልገው ደግሞ እነሱን ብቻ ነው። ሳቄም እንባዬም መጣ፤ የቱን ላስቀድም።

እኔ ስሙን ላንብብላቸውና እነሱ በራሳቸው ንቅናቄ ያረጋግጡ አልኩ። «ምስክር እየመራን?» አለ ደንግጦ።

ስህተቱ የእኔ ነው፣ ጽፌ እፈርማለሁ አልኩ። «አንቺ ትፈርሚያለሽ፣ እኔ እጠየቃለሁ» አለኝ።

ከአበበች ጋር በጭነት መኪና ወደ ፎንቆ ሄድኩ። ለምን እንደምሄድ አልነገርኳትም። መርዶ በመኪና ላይ አይነገርም፣ በቢሮም አይነገርም። ሽማግሌ በማለዳ ሄዶ ነው የሚነግረው። መንገዱን ሁሉ አጠገቤ ተቀምጣ ከመሃረቧ ቆሎ እየዘገነች ትሰጠኛለች። «ብዪ እንጂ፣ ደክመሻል ለእኔ ስትዪ» ትለኛለች። እየተቀበልኩ በላሁ።

አጎትየውን ማሳው ላይ አገኘሁት። ስነግረው ዶማውን መሬት ላይ አስተኛና ተቀመጠ። «ልጄ፣ የምስራች ነው ወይስ መርዶ ያመጣሽው?» አለኝ። ሁለቱንም ነው አልኩት። ነገ ጎህ ሲቀድ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄዶ ሊነግራቸው ተስማማ። ስህተቱ የማን እንደሆነም ነገርኩት። ዶማውን አንስቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

አጎትየው በመጀመሪያው መኪና መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ተነግሯቸዋል። አበበች ወድቃ ነበር፣ ውሃ አፍስሰውባት ተነሳች። እናትየው ግን አላለቀሰችም አለኝ። ሽማግሌዎቹን ቁጭ አድርጋ «ለቅሶ አልቀመጥም» ብላለች። ለቅሶ ብትቀመጥ ማን ይመጣል? ጎረቤት ከአጥሩ ድረስ መጥቶ የማኅበሩ ሊቀመንበር በመንገዱ ሲያልፍ አይቶ ይመለሳል። የኮብላይ ለቅሶ ላይ ታየ መባልን ማን ይወዳል። «ስሙ በሰው ፊት ከተጠራ በኋላ እቀመጣለሁ። እስከዚያ ልጄን አላለቅስም» ብላለች።

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የልጇን እንባ በእጇ ይዛ እኛን ትጠብቃለች። እኛ ደግሞ ቅጽ ይዘን እንጠብቃታለን።

ነገ ከኮሚቴው ፊት እንዲቀርቡ ላክሁባቸው። ጓድ በላቸው «አንድ ቃል ነው እኮ፣ አንድ ቃል ብቻ ይበሉ» ይለኛል። እውነት ለመናገር እኔም በሆዴ እንደዚያው እላለሁ። አንድ ቃል!

የአሥራ ስምንቱን ሴቶች ጉዳይም እንደገና አነሳሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ።

ቅዳሜ

በሦስት ሰዓት መጡ። እናትየው ቀጭን፣ ረጅም፣ በትር የያዘች። ወንበር ስሰጣት እጄን ይዛ ሳመችኝ። ማን እንደሆንኩ ታውቃለች፣ አጎትየው ነግሯታል። ቢሆንም ሳመችኝ።

ኮሚቴው ሦስት ሆኖ ተቀመጠ። አንዱ ያንቀላፋል፣ አንዱ ጥፍሩን ይቆርጣል። «የሟቹ ስም?» አለ ጓድ በላቸው። «ዴታሞ» አለች አበበች ቀስ ብላ። «የአባቱስ?» ግንባሯ ላይ ላቡ ሲወጣ አያለሁ። «የአባቱ ስም፣ ጓድ!» መሬት መሬት እያየች «ዳናሞ» አለች። ጓድ በላቸው ዞር ብሎ አየኝ። እናትየውን ጠየቃት፤ እኔ አስተረጎምኩ። «የልጄ አባት ነው አባቱ» አለች። ባሏ ነው፣ እሷም አትጠራውም። እኔ ስለ ልማዱ ላስረዳ ተነሳሁ። «ኋላቀር ልማድ ለመዝገብ ማስረጃ አይሆንም» አለና ፋይሉን ዘጋው።

ኮሪደሩ ላይ አበበችን ክንዷን ያዝኩ። ጮህኩባት። አልዋሽም፣ ጮህኩባት። ለባልሽ ስትዪ! አንድ ጊዜ ብትዪው ምን ትሆኛለሽ፣ አማትሽ እንደሆነ ሞቷል! አልኳት። ክንዷን አላስለቀቀችም። «እሱ ልጁን አሳድጎ ሰጠኝ። ሙሽራ ሆኜ ስገባ የበሩን እሳት ራሱ አነደደልኝ። እሱን በአፌ አቅልዬ ልጁን ላከብር?» አለች። ክንዷን ለቀቅኩ። እነሱ ሁለቱ ወጥተው በፀሐዩ ወደ መናኸሪያው ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው። ነገ ለማየት ዘመድ ቤት ያድራሉ። ለማየት! የሌላ ሰው ልጅ ስም ሲጠራ።

በአሥር ሰዓት ጓድ በላቸው የጸደቀውን ዝርዝር ሰጥቶኝ «ስቴንስል ላይ ምቺውና አባዢው፣ ነገ የማነበው ይህንኑ ነው» ብሎ ወጣ።

ቢሮው ውስጥ እኔና ታይፑ ብቻ ቀረን። ዱራሜን መታሁ። አንጋጫን መታሁ። ፎንቆ ላይ ደረስኩ። ከዚያ መታሁት፦ ዴታሞ ሀንዲሶ። «ዴ» ላይ ተሳስቼ በማረሚያ ቀብቼ ደግሜዋለሁ። ከጀመርኩ አይቀር ብዬ «ሌሎችም» የሚለውን ተውኩና አሥራ ስምንቱን ሴቶች በሌላ ስቴንስል ላይ አንድ በአንድ ጻፍኩ። የምስክር ወረቀቶቹ ማኅተምና ፊርማ አርፎባቸው ባዶ ነው የተቀመጡት፣ ስም የምሞላው እኔ ነኝ። አንድ ጨመርኩ። የምችለውን ያህል አሳምሬ ጻፍኩት።

ለእማዬ ነገርኳት። እራቷን አልበላችም፣ ትጸልያለች።

እሑድ

ሜዳው ከጠዋቱ ሞላ። የተማሪዎች ሰልፍ፣ መፈክር፣ ሦስት ረጃጅም ንግግር። ትልልቆቹ ሹማምንት ጥላ ሥር በወንበር ተቀምጠዋል። እኔ ወረቀቶቹን ይዤ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሜያለሁ። ከፎንቆም ሰው በብዛት መጥቷል፣ ሊቀመንበሩም ኮፍያውን ደፍቶ ከፊት ቆሟል።

መጀመሪያ ሴቶቹ መጡ፤ ገጻቸውን ያደረግኩት ከላይ ነው። ጓድ በላቸው አንደኛዋን አነበበ፣ ሁለተኛዋን አነበበ፣ ሰባት ላይ ሲደርስ ነገሩ ገባውና «እና ሌሎችም» አለ። ሰባት። አሥራ አንዱ እዚያው ሜዳ ላይ ቆመው እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ጮክ ብላ «እኛ በሶውን በሌሎችም ነው እንዴ ያስፈጨነው!» አለች፣ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ለሴቶቹ ነገ ፊቴን የማሳያቸው እንዴት ነው?

የወንዶቹን ሲጀምር ግን ወደ ማንበቡ ተመለሰ፣ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ፣ አፉ ማጉያው ላይ። ዱራሜ። አንጋጫ። ፎንቆ። «ዴታሞ ሀንዲሶ!»

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ቆመ። ወረቀቱን አየ። እኔን አየኝ። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

እናትየው በትሯን እየመታች ሜዳውን አቋርጣ መጣች፣ አበበች ከኋላዋ። ወረቀቱን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ወደ ጓድ በላቸው ዞራ በሀዲይኛ ተናገረች። «ምን ትላለች?» አለኝ፣ ድምፁ ጠፍቶ።

ድገምልኝ ነው የምትለው አልኩት። ስሙን ከነአባቱ። እኔ አልጠራውም፣ ሌላ ሰው ሲጠራው ግን መስማት እችላለሁ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነው ትላለች።

ሹማምንቱን አየ። ሕዝቡን አየ። አሁን ተሳስቼ ነው ሊል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጉሮሮውን ሲጠርግ በማጉያው ተሰማ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ለብቻው፦ «ዴታሞ። ሀንዲሶ።»

እናትየው በትሯን ጣለችና ጮኸች። ሦስት ዓመት የያዘችው ነው የወጣው። አበበች እግሯ ሥር ተደፋች። ወዲያው ከፎንቆ የመጣው ሰው ሁሉ፣ ከአጥሩ ይመለሳል የተባለው ጎረቤት ሁሉ፣ ሰልፉን ጥሶ እየጮኸ መጣ። ለቅሶው እዚያው ሜዳ ላይ ሆነ። ሊቀመንበሩ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያያል። የሙዚቃ ባንዱ ምን እንደሚጫወት ግራ ገብቶት ቆመ።

ሜዳው ሲበተን ጓድ በላቸው አጠገቤ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮዬ እንድትገኚ» ብቻ አለኝ፣ ሳያየኝ። ሊያባርረኝ ይሁን፣ አሳልፎ ሊሰጠኝ ይሁን፣ ወይ ለሚጠይቁን ሹማምንት አብረን የምንለውን ሊያስጠናኝ ይሁን አላውቅም። እማዬ ልብሴን በትንሽ ቦርሳ አዘጋጅታ በሩ ሥር አስቀምጣለች፤ ለእስር ይሁን ለመንገድ አልጠየቅኳትም።

ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ፎንቆ ለቅሶ ቤት ነኝ።